የጨረቃ አቧራ መድኃኒት

ከዚህ በታች የተጻፈው ሁሉ እውነት ነው። አንዲት ጠብታ ውሸት ብትገኝበት የቆቃ ጉማሬ ከሐይቁ ወጥቶ፣ የጎረቤቱን ሁሉ ቤት አልፎ፣ የእኔን በር አንኳኩቶ ይርገጠኝ። እንዲህ የምምለው ሰው አያምነኝም ብዬ ፈርቼ አይደለም። ሰው እንደማያምነኝማ ድሮ ለምጄዋለሁ። ጉማሬው እንኳ ይመነኝ ብዬ ነው።

ነገሩ የሆነው በ1972 ዓ.ም.፣ በየካቲት፣ ናዝሬት ነው። የናዝሬትን የካቲት ያላየ ሰው አቧራ አውቃለሁ ባይል ይሻለዋል። ንፋሱ ጠዋት ከተማውን አቋርጦ ያልፋል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ዕቃ እንደረሳ ሰው እየሮጠ ይመለሳል። በዚያ ወር ነጭ ሸሚዝ የሚለብሰው ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ ብቻ ነው፤ እሱም ምሳ ሳይደርስ የአገሩን ቀለም ይይዛል።

ደገፋ በዚህ አቧራ ውስጥ ጋሪ ይነዳ ነበር። ትምህርቱን ከሰባተኛ ክፍል ያቋረጥኩት በድህነት ነው ይላል፤ ያስተማሩት ሰዎች ደግሞ ድህነቱስ ነበር፣ የገንዘብ ግን አልነበረም ይላሉ። የሁሉን ነገር ግማሽ ያውቃል፤ የጎደለውን ከራሱ ይሞላዋል። ከመናኸሪያ እስከ ገበያ የተሳፈረ ሰው፣ ደገፋ በልጅነቱ ሶደሬ ፍል ውኃ ውስጥ እንቁላል ሲቀቅል ጫጩት እንደተፈለፈለለት ሳይሰማ አይወርድም። እስከ ባቡር ጣቢያ የከፈለ ደግሞ ጫጩቷ አድጋ ምን እንዳደረገች ጭምር ይሰማል።

ፈረሱ አፖሎ ይባላል፤ ሰዎች ጨረቃ ላይ በወጡበት ዓመት ስለተወለደ ነው። አብዮቱ ከመጣ በኋላ አንድ ካድሬ ጋሪው ላይ ተሳፍሮ፣ «ጓድ፣ የፈረስህ ስም የኢምፔሪያሊስት ስም ነው» አለው። ደገፋ በዚያችው ቀን «ሶዩዝ» ብሎ ለወጠው። ስሙ ተለወጠ እንጂ ፈረሱ አልተለወጠም። «ና ሶዩዝ!» ቢሉት ጆሮውን እንኳ አያነቃንቅም። ስለዚህ ደገፋ ሰው ፊት «ሶዩዝ!» ብሎ ይጮህና፣ ቀስ ብሎ ወርዶ ወደ ጆሮው ጠጋ ይልና፣ «አፖሎዬ፣ እባክህ አታዋርደኝ» ይለዋል።

ከደንበኞቹ ሁሉ የሚወደው መምህር መርጋን ነበር። መርጋ ፊዚክስ ያስተምራሉ። አመሻሽ ላይ ከትምህርት ቤት ሲወጡ ደገፋ ያደርሳቸዋል። አንድ ጥቁር የቴትሮን ሱሪ አለቻቸው፤ መንገዱን ሙሉ በእጃቸው ሲጠርጓት ሲጠርጓት፣ ቤታቸው ሲደርሱ የበለጠ ግራጫ ሆና ትገኛለች።

«ጋሼ፣ በጠረጓት ቁጥር እየባሰባት ነው እኮ። ቢተዉአትስ?» አላቸው አንድ ቀን።

«ቴትሮን ስትፈትገው ኤሌክትሪክ ይይዛል» አሉ መርጋ። «ኤሌክትሪክ የያዘ ነገር ደግሞ አቧራ ይስባል። ጨረቃ ላይ የወጡትንም ያስቸገራቸው ይኸው ነው።»

«ቴትሮን ለብሰው ነው እንዴ የሄዱት?»

መርጋ እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ አስረዱት። ጨረቃ ላይ አየር የለም፤ እርጥበት የሚባል ነገር የለም። ፀሐይ ያለ አንዳች ከልካይ አቧራውን ትመታዋለች፤ ያን ጊዜ እያንዳንዷ ቅንጣት ኤሌክትሪክ ትይዛለች። እንደ ዱቄት የላመ፣ እንደ ስባሪ ጠርሙስ የሾለ አቧራ ነው። ሰዎቹ ልብሳቸውን ቢያራግፉት፣ ቢጠርጉት፣ እምቢ አለ፤ እንደ ጥላሸት ተጣበቀ። ቀንና ሌሊት በሚገናኙበት ድንበር ላይ ደግሞ ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ተገፋፍተው ከመሬት ብድግ ሳይሉ አይቀሩም፤ ያለ ንፋስ ይንሳፈፋሉ ብለው የሚያስቡ ሊቃውንት አሉ።

«ያለ ንፋስ?» አለ ደገፋ። የናዝሬት ልጅ ነውና ያለ ንፋስ የሚነሳ አቧራ ሃይማኖቱን የሚነካ ነገር መሰለው።

«ያለ ንፋስ።»

«መድኃኒቱስ ምንድነው ጋሼ?»

መርጋ በራቸው ላይ ደርሰው ነበር፤ ወረዱ። «መድኃኒቱማ ጨረቃ ላይ የለም እንጂ እዚህ ሞልቷል። ነገ እነግርሃለሁ» ብለው ገቡ።

በነጋታው የዝውውር ወረቀት ደረሳቸውና በጭነት መኪና አቦምሳ ሄዱ። ደገፋም እንደ ልማዱ ግማሹን ይዞ ቀረ።

ሌላ ሰው ቢሆን ግማሹን ይዞ ዝም ይል ነበር። ደገፋ ግን በሳምንቱ የጨረቃን አቧራ እንደ ግሪሳ መንጋ ያስበርረው ጀመር። «አመሻሽ ላይ ይነሳል፤ ሰው ፍለጋ ይዞራል፤ ካገኘ ዓይኑ ላይ ይሰፍራል» ይላል። አንዲት ከደራ ሽንኩርት ይዘው የመጡ ሴትዮ ይህን ሰምተው፣ ማታ ጨረቃ ስትወጣ ፊታቸውን በነጠላ ሸፍነው ነው የገቡት ይባላል።

ሎሚ የቀበሌው አዳራሽ ጽዳት ሠራተኛ ነበረች። አባቷ ዓይናቸው ደክሟል፤ ቤቱን ቀጥ አድርጋ የያዘችው እሷ ናት። የአዳራሹን ቁልፍ በክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ስትሄድ ደገፋ ያያትና የጫነውን ሰው ማውረድ ይረሳል። ባለሱቁን ጋሽ ኑሬን ሽማግሌ አድርጎ ወደ አባቷ ቢልካቸው መልሱን የሰጠችው ራሷ ናት።

«ጋሽ ኑሬ፣ እርስዎን አከብራለሁ። እሱ ግን አንድ ነገር፣ አንድ ብቻ፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ የተናገረ ዕለት ያን ጊዜ ይምጣ።»

ጋሽ ኑሬ ተመልሰው ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። «ልጄ፣ ሌላ ፈልግ። የተጠየቅከው ጥሎሽ ካንተ አቅም በላይ ነው።»

የካቲት 25 የመሬት አዋጁ መታሰቢያ በዓል ነው። ለዚያ ቀን ከአውራጃ እንግዳ ይመጣል ተብሎ፣ መድረኩን ከዳር እስከ ዳር የሚሸፍን ቀይ የቴትሮን ጨርቅ ተሰፋ፤ መፈክር በነጭ ቀለም ተጻፈበት። የጨርቁ ጠባቂ ሎሚ ሆነች። ጨርቁ ተሰቅሎ ትንሽ አቧራ እንዳረፈበት፣ ሎሚ ባልዲና ሳሙና ይዛ ስትነሳ ደገፋ በር ላይ ደረሰ።

«ውኃ? ቴትሮንን በውኃ?» አለ፣ ሰው ሊሞት ሲል የደረሰ ይመስል። «ጨረቃ ላይ የሄዱት ሰዎች ልብሳቸውን በውኃ ያጠቡ ይመስልሻል?»

«እኔ ምን ቸገረኝ ጨረቃ!»

«ውኃ የሚባል አያስነኩም! በደረቁ ነው። ይኸው፣ የእነሱ ዓይነት ጨርቅ። አንድ የአየር ኃይል ሰው ከደብረ ዘይት ያመጣልኝ ነው።» ከኪሱ አንድ ወፍራም ግራጫ የሱፍ ቁራጭ አወጣ። ጠዋት ከአፖሎ የጀርባ ልብስ፣ ከግላሱ ጠርዝ ላይ የቆረጠው ነው።

ሎሚ አሸተተችው። «ፈረስ ፈረስ ይላል።»

«ጨረቃ ላይ ሁሉ ነገር እንዲህ ነው የሚሸተው።»

«አንተ አሽትተኸዋል?»

«የሄዱት ነግረውናል!» መርጋስ የጨረቃ አቧራ ባሩድ ባሩድ ይላል ብለውት ነበር፤ ግን ባሩድ የሚሸት ጨርቅ ከየት ይምጣ?

ሎሚ አላመነችውም። ቢሆንም ቁራጩ ወፍራም ነው፣ ውኃ መቅዳትም ሩቅ ነው። መፈክሩን በደረቁ ፈተገችው። ቀዩ እንደ በርበሬ ብልጭ አለ። ቀትር ሲደርስ ግን የአህያ ጀርባ መሰለ። በማግስቱ ይበልጥ ፈተገችው፤ ይበልጥ ባሰበት። አቧራ ብቻ አይደለም፤ የጥጥ ብናኝ፣ ገለባ፣ የዶሮ ላባ ሳይቀር እየበረረ መጥቶ መፈክሩ ላይ ተለጠፈ። እሷ ትፈትጋለች፣ እሱ ይሰበስባል።

ይህን ያየው ሊቀመንበሩ ጓድ ተክለሃይማኖት ነው። ጓድ ተክለሃይማኖት ክፉ ሰው አልነበረም፤ ብቻ የበላዮቹን ይፈራል፤ የሚፈራ ሰው ደግሞ ሴራ ለማየት ዓይኑ ጥሩ ነው። ጣቱን ወንበር ላይ አሳረፈ፣ ከዚያ መፈክሩ ላይ አሳረፈ።

«ወንበሩ ላይ ያለው ተራ አቧራ ነው» አለ። «ይሄኛው ግን መርጦ ነው የሚያርፈው። መርጦ የሚያርፍ አቧራ በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም። ከጀርባው እጅ አለ። ይህ አሻጥር ነው!»

ጨርቁን ለማስረጃ ብሎ ቢሮው ውስጥ ቆለፈበት። ሎሚ በቀጣዩ ስብሰባ ሕዝብ ፊት ቀርባ ታስረዳለች፤ ካላረካች ጉዳይዋ ከቀበሌው በላይ ወዳለው ወደ ከፍተኛው ይተላለፋል ተባለ። በዚያን ጊዜ ወደ ከፍተኛው የተላለፈ ሰው መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ አልነበረም። የሚጠይቅም አልነበረም።

ደገፋ ይህን የሰማው ከጋሽ ኑሬ ነው፣ ጋሪው ላይ። ልጓሙ ከእጁ ወደቀ።

«ምነው? ምን ሆንክ?» አሉት።

«ምንም። አቧራ ዓይኔ ገባ።»

ውሸት ሲናገር ሳይጣፍጠው የቀረው ያን ቀን ብቻ ነው። የመርጋ ሱሪ ትዝ አለችው፤ ነገሩ ሁሉ ገባው። ቴትሮን፣ ሱፍ፣ መፈተግ። ልጅቱን እሳት ውስጥ የከተታት ኢምፔሪያሊዝም አይደለም፤ የአፖሎ ግላስ ነው። መድኃኒቱን ደግሞ አያውቀውም። አቦምሳ ሄዶ መርጋን ጠይቆ ለመመለስ ጊዜ የለም። ስለዚህ ጋሪውን እየነዳ ያስብ ጀመር። ጨረቃ ላይ የሌለ፣ እዚህ የሞላ። ዝንብ ይሆን? ፍየል? ዘመድ? ብዙ ከተጨነቀ በኋላ አንድ መልስ ብልጭ አለለት፦ ስብሰባ! ጨረቃ ላይ ስብሰባ የለም፤ እዚህ ግን ሞልቶ ፈስሷል። ወዲያው ግራና ቀኙን አየ፣ ማንም ሐሳቡን እንዳልሰማው አረጋገጠና መንገዱን ቀጠለ።

ስብሰባው ከሰዓት በኋላ ነበር። ንፋሱ የአዳራሹን ቆርቆሮ ያንገጫግጨዋል። የአዳራሹ ወለል አፈር ስለሆነ ሎሚ አቧራው እንዲተኛ ውኃ ረጭታ፣ የተረፈውን በባልዲ በር ሥር አስቀምጣለች፤ ሊፈረድባት በተሰበሰቡበት ቀን እንኳ ሥራዋን አልተወችም። ጨርቁ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቷል። ሁለት የአብዮት ጥበቃዎች በግራና በቀኝ ቆመዋል።

«ጓዲት ሎሚ፣ ይህን ጨርቅ በምን ነበር የምትጠርጊው?» አለ ሊቀመንበሩ በባትሪ በሚሠራው ማይክሮፎን።

«በጨርቅ።»

«ጨርቁን ማን ሰጠሽ?»

ሎሚ ደገፋን ከሰው መሀል አየችው። አንድ ስም ብትጠራ ነፃ ናት። አልጠራችም። መሬት መሬት አየች።

የደገፋ ጉልበት ራሱን ችሎ ተነሳ፤ እሱ ገና ተቀምጦ ነበር። «እኔ ነኝ ጓድ ሊቀመንበር። ግለ ሂስ ላደርግ እፈልጋለሁ።»

አዳራሹ ውስጥ «ኤዲያ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። «ጫጩቷን ሊያመጣት ነው!» አለ አንዱ ከኋላ።

ደገፋ ለዚህ ቀን ያዘጋጀው ንግግር ነበረው። «አንድ የሶቭየት ሊቅ...» ብሎ ጀመረ። የሎሚን ዓይን አየ።

«ይቅርታ፤ ከሊቁ በፊት ልጀምር» አለ። «ጨርቁ የጠፈርተኛ ነው ብዬ ሰጥቻታለሁ። አይደለም። ከፈረሴ ግላስ የቆረጥኩት ነው።»

ሳቅ ፈነዳ። ሎሚ ዓይኗን ጨፈነች።

«ለምን ዋሸህ?» አለ ሊቀመንበሩ።

«የማውቅ እንድመስላት። በውኃ ልታጥበው ስትል የከለከልኳትም እኔ ነኝ። አጥፊው እኔ ነኝ፤ እሷ ምንም የለችበትም። አቧራውም ሴራ የለውም። ሱፍ ቴትሮንን ሲፈትገው ኤሌክትሪክ ይይዛል፤ ከዚያ አቧራ ይጠራል። ጨረቃ ላይም አቧራው ኤሌክትሪክ ይዞ ነው የተጣበቀባቸው። መምህር መርጋ ነግረውኛል።»

ጓድ ተክለሃይማኖት መነጽሩን አወለቀ። «ጨረቃ ላይ ያለ አቧራ ኤሌክትሪክ አለው ነው የምትለው?»

«አዎ ጓድ።»

«እኛ ለዚህ አዳራሽ አምፑል ስንጠይቅ ዓመት ሞላን። ጨረቃ ላይ ላለ አቧራ ማን አስገባለት?»

«ፀሐይ ናት ጓድ።»

በሕይወቱ እንደዚያ ቀን እውነት ተናግሮ አያውቅም፤ እንደዚያም ቀን የተሳቀበት የለም። ጋሽ ኑሬ ብቻ ራሳቸውን ይዘው፣ «ምነው በዋሸ» አሉ ቀስ ብለው።

«እንግዲያው አሳየን!» አለ ሊቀመንበሩ።

ደገፋ የግላሱን ቁራጭ ከሎሚ ተቀበለና ጨርቁ ላይ ወደቀበት። ፈተገ፣ ፈተገ። የጋሪ ነጂ ክንድ ነው፤ ፍርሃትም አለበት። ጠስ ጠስ የሚል ድምፅ ይሰማ ጀመር፣ በረሃ ላይ ያለ የእንጨት እሳት ይመስል። አቧራው ከጠረጴዛው ላይ እየተነሳ ጨርቁ ላይ ይለጠፋል። ጓድ ተክለሃይማኖት ድምፁን ለመስማት ጎንበስ አለ። ያን ጊዜ ደገፋ የጨርቁን ጫፍ ብድግ ሲያደርገው፣ ጨርቁ እንደ ናፈቀ ዘመድ ተነስቶ ሊቀመንበሩን ደረቱ ላይ አቀፈው።

ሊቀመንበሩ ከደረቱ ሲያላቅቀው ክንዱ ላይ ተለጠፈ። ከክንዱ ሲያላቅቀው ጀርባው ላይ ዞረ። መፈክሩን ለብሶ እየተሽከረከረ እጁን ወደ ማይክሮፎኑ ብረት ሲዘረጋ፣ ጠስ! ከጣቱ ጫፍ ሰማያዊ ብልጭታ ወጣ።

«እናቴ!» አለ ጓድ ተክለሃይማኖት።

ማይክሮፎኑ ክፍት ነበር። «እናቴ» የምትለዋ ቃል በድምፅ ማጉያው ወጥታ ገበያ ድረስ ተሰማች።

ማንም አልሳቀም። መሳቅ የሚፈልግ ሁሉ ጥርሱን ነክሶ ጣሪያ ጣሪያ ያያል። የአብዮት ጥበቃዎቹ ጨርቅን እንዴት እንደሚይዙት አልተማሩም፤ ዝም ብለው ቆሙ። ጋሽ ኑሬ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎሰሩ።

«መድኃኒቱ! መድኃኒቱ ምንድነው? ቶሎ በል!» ጮኸ ሊቀመንበሩ።

«ጨረቃ ላይ የለም ጓድ፤ እዚህ ግን ሞልቷል።»

«ምን?»

«እሱን ሳይነግሩኝ አቦምሳ ሄዱ።»

ሕዝቡ የሚተነፍስበት ቀዳዳ አገኘ። «ዝንብ ነው!» አለ አንዱ። «ንፋስ ነው!» አለ ሌላው። ከኋላ ደግሞ አንድ ቀጭን ድምፅ፣ «ስብሰባ ነው!» አለ። ማን እንዳለው እስከ ዛሬ አልታወቀም። እኔ አውቃለሁ፤ ግን ልጆች አሉት።

«ዲሲ! ተዉ እናንተ!» አለች ሎሚ። ሁሉም ዞሩ። ቀኑን ሙሉ የዋጠችው ንዴት ፊቷ ላይ ወጥቷል። በር ሥር ያለውን ባልዲ አንስታ፣ ሰው እየገፋች መጥታ፣ ቸለሰችው።

ጨርቁ እንደ ሰከረ ሰው ዝልፍልፍ ብሎ ከሊቀመንበሩ ላይ ወረደ። አቧራው ጭቃ ሆኖ ተንጠፈጠፈ። ቀዩ ጠርቶ ታየ፤ ነጩ ጽሑፍም ታየ፤ ላባው መሬት ላይ ቀረ።

ደገፋ ግንባሩን በመዳፉ መታ። ውኃ! ጨረቃ ላይ ውኃ የለም እያለ፣ ስለዚህ እዚህም አትንኪ ያለው እሱ ራሱ ነው። መድኃኒቱን አፉ ውስጥ ይዞ በሽታውን ሲያስታምም የከረመ ሰው ከእሱ ሌላ ካለ ይምጣና ይጨብጠው።

ጓድ ተክለሃይማኖት ከጢሙ ውኃ እየተንጠባጠበ ጨርቁን አየ። ሎሚን አየ። ገበያ ድረስ የሄደችው «እናቴ» ትዝ አለችው። ሴራ ነው ካለ፣ ጉዳዩ ወደ ከፍተኛው ሲተላለፍ «እናቴ»ም አብራ ልትተላለፍ ነው።

«ጓዶች» አለ በመጨረሻ፣ ማይክሮፎኑን ሳይነካ። «ዛሬ ያየነው... ሳይንስ ነው። ጓዲት ሎሚ ወደ ሥራዋ ትመለስ። ባለጋሪው የቀበሌውን መፈክር ሁሉ ያጥባል። በነፃ! እናቴ የምትለው ደግሞ ቃለ ጉባኤው ላይ እንዳትጻፍ።»

አመሻሽ ላይ ደገፋ ጋሪውን አዳራሹ በር ላይ አቁሞ ጠበቃት። ሎሚ ባዶ ባልዲዋን ይዛ ወጣች።

«ሳልጨምር ተናገርኩ» አለ።

«ተናግረሃል።»

«ሳልቀንስም።»

«ግማሹን ነው የተናገርከው። የቀረውን ባልዲው ነው የጨረሰው።»

ደገፋ አንገቱን ደፋ። እውነቷን ነው።

«ስሜን ለምን አልጠራሽም?» አላት።

«ብጠራህ ማን ያምነኛል? ደገፋ ሰጠኝ ያልኩት ነገር ሁሉ ውሸት ይመስላል» አለች። ከዚያ ባልዲዋን ጋሪው ላይ አስቀምጣ አጠገቡ ተቀመጠች። «ጋሽ ኑሬን ላካቸው። ብቻ ባልዲዬን ይዤ ነው የምመጣው። መዋሸት ስትጀምር አፈስብሃለሁ።»

ደገፋ አለንጋውን አንስቶ በደስታ «ና ሶዩዝ!» ብሎ ጮኸ። ፈረሱም ለመጀመሪያ ጊዜ ጆሮውን ቀስሮ፣ ዞር ብሎ አይቷቸው፣ በኩራት ሶምሶማ ተነሳ።

ታሪኩ ይኸው ነው፤ አንድም ነገር አልጨመርኩበትም ልል ነበር። ነገር ግን ከቆቃ በኩል አንድ ከባድ እግር የሚራመድ ስለመሰለኝ አንዷን ላርም። ፈረሱ «ሶዩዝ» ሲባል አልተነቃነቀም። ደገፋ ሦስቴ ጮኾ፣ ላብ አልቦት፣ በመጨረሻ ሎሚ «አፖሎ፣ እንሂድ» ስትለው ነው የሄደው። እንስሳ ነው፤ እንደ እኔና እንደ ደገፋ ቃሉን አይለዋውጥም።